ከጎን ሆኖ መምራት

ውድ ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ስምህን ሳታነሳ አትውልም። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! መጨረሻ የጻፍክልኝ ስለ ትልቁ ልጅህ ነበር። «ሐኪም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ እሱ ግን ሥዕል ይላል፤ እንዴት ልምራው?» ብለኸኝ ነበር። ነገሩ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን የምልህ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ጃን ሜዳ ከአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ጋር እሮጣለሁ። መሪዋ ነኝ። አንዲት አጭር ገመድ ጫፍና ጫፏን እንይዛለን። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት፤ እኔ እርምጃዬን ከእርምጃዋ አገጥማለሁ። «ወደ ግራ»፣ «ዳገት መጣ»፣ «ድንጋይ አለ» እላታለሁ፤ ሳንደርስበት በፊት። ከደረስን በኋላ ብናገር ምን ይጠቅማታል? ወሬ ማብዛትም ደግ አይደለም፤ የራሷን ትንፋሽ መስማት አለባት።

የፓሪስ ፓራሊምፒክን አይተህ ይሆን? በ2024 እ.ኤ.አ. የኛዋ ያየሽ ጌቴ በዓይነ ስውራን ምድብ በ1500 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ከመሪዋ ጋር ነበር የሮጠችው። 4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች! በዚያ ምድብ ሯጮቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። መሪው መጎተትም መግፋትም አይፈቀድለትም። የመጨረሻውን መስመርም ከሯጯ ቀድሞ ማለፍ የለበትም። ይህን ደንብ እጅግ እወደዋለሁ። የቱንም ያህል ጉልበት ይኑርህ፣ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት።

እዚያው ፓሪስ ልቤን የሰበረ ነገርም ሆነ። ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት የመሪዋ እግር ተሸማቀቀ። ሊወድቅ ሲል ገመዱን ለቃ ደገፈችው። ገመዱን በመልቀቋ ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ነሐሱም ለሌላ ተሰጠ። ደንቡ ለምን እንደወጣ ይገባኛል፤ ፍርዱ ግን እስካሁን አይዋጥልኝም። ያን ሁሉ መንገድ ዓይን የሆናትን ሰው ጥላው ትግባ?

ወደ ልጅህ ልመለስ። የምታውቀውን ሁሉ ሳትደብቅ ንገረው። ሕክምና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ በሥዕል መኖር የት ላይ እንደሚከብድ፣ አንተ የት ላይ እንደምትደግፈው፣ የት ላይ እንደማትችል። ደግሞ አሁን ንገረው፤ ከተመዘገበ በኋላ አይደለም። ከዚያ ምርጫውን ለሱ ተውለት። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኛን ሲመክሩን መጀመሪያ ጨርሰው ያዳምጡን አልነበር?

ለጥምቀት ትመጣለህ ሲሉ ሰማሁ። ቁርጥ ከሆነ ቀኑን ጻፍልኝ፤ ኤርፖርት የምቀበልህ እኔ ነኝ። ልጁንም ይዘኸው ና። ሥዕሎቹንም ያምጣ፣ ማየት እፈልጋለሁ።

አክባሪ ወንድምህ