ፊሽካዬን መሳቢያ ውስጥ ከትቻታለሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ስለ ዮጋ የወጣውን ጽሑፍና እሱን ተከትሎ አንድ አንባቢ የላኩትን የተቃውሞ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ዮጋን ለጭንቀት፣ ለወገብ ሕመም፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለውፍረት፣ ብቻ ለሁሉም መድኃኒት አድርገውታል። ሁለተኛው ደግሞ «ባዕድ አምልኮ ነው» ብለው በሩን ዘግተውታል። እኔ ደሴ ከተማ ውስጥ 27 ዓመት የስፖርት መምህር ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ነገሩን ከሁለቱም ጸሐፊዎች በተለየ በኩል ስላየሁት ዝም ማለት ከበደኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ መግባቱን አንባቢ ያስታውሳል። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር 27 ያለውን ጊዜ ግማሾቹ ተማሪዎቻችን በእግራቸው ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ደብረ ብርሃን በመሸሽ፣ ግማሾቹ ደግሞ አልጋ ሥር ተኝተው አሳለፉት። ትምህርት ሲከፈት ትምህርት ቤታችን ወንበር አልቀረለትም፤ ኳስ የሚባል ነገርማ አይነሳ። ፊሽካዬ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች። በመጀመሪያው የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንደ ወትሮዬ ልጆቹን ሜዳ አወጣሁና ነፋሁ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሮጦ ግንቡ ጥግ በሆዱ ተኛ፤ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ አጣምሮ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ፈገግ ብዬ «ተነስ አንተ፣ አታሹፍ!» አልኩት። አልተነሳም። ቀርቤ ሳየው ሱሪው ረጥቧል።

ከዚያ ቀን በኋላ ማየት ጀመርኩ። የትኛው ልጅ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ በር ሲላተም የማን እስክሪብቶ መሬት እንደሚወድቅ፣ ማን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ እንደሚያንቀላፋ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ሲጨመሩ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፤ ጫማቸውን አያወልቁም። አንደኛው ልጅ ሌሊትም ክሩን አስሮ እንደሚተኛ አክስቱ ነግራኛለች። በሌሊት በእግሩ የሸሸ ልጅ ስለሆነ አልገረመኝም።

ወሎ ውስጥ ለሁሉም ነገር «አብሽር» እንላለን። እወዳታለሁ ቃሏን። ሆኖም አብሽር የተባለ ልጅ ዝም ይላል እንጂ እንቅልፍ አይወስደውም። እኛ መምህራን «የደረሰባችሁን ተናገሩ፣ ይቀልላችኋል» ብለንም ሞክረናል። አንዳንዱ ተናግሮ ባሰበት። የሚበዛው ምን ብሎ እንደሚጀምር አያውቅም።

በዓመቱ ነው ዮጋው የመጣው። አንድ ድርጅት (ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፣ ክፋት አስቦ የሠራው ነገር የለም) ለአሥራ አምስት መምህራን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጠን። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ታደለ። በሦስት ቀን የቮሊቦል ዳኛ እንኳ አይኮንም፤ የተጎዳ ልጅ ጋ ግን በሦስት ቀን ይገባል። በሳምንቱ አሠልጣኟ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣች። ወጣት ናት፣ ደግ ናት፣ ለልጆቹ አንጀቷ ይላወሳል። ሐምራዊ ምንጣፎች ቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተነጠፉ፣ ግድግዳው ላይ ባነር ተሰቀለ፣ ድምፅ እንዳይረብሽ ተብሎ በሩ ተዘጋ፣ መጋረጃው ተጋረደ። «ጫማ አውልቁ» ተባለ። ከዚያም «በጀርባችሁ ተኙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መዳፋችሁን ዘርጉ።» በመጨረሻ ላይ ያለውን የዕረፍት አተኛኘት የሕንዶቹ ቋንቋ የሬሳ አቋም ይለዋል አሉ። አሠልጣኟም ቃል በቃል ተርጉማ «አሁን የሬሳ አቋም እንሠራለን» አለች። ሬሳ ተሻግረው የመጡ ልጆች እኮ ናቸው!

እሷ በመደዳው መሀል በእግር ጣቷ እየተራመደች፣ የአንዱን ትከሻ እያቃናች የሌላዋን አንገት እያስተካከለች ስትሄድ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በድንገት ተነሥታ ጫማዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ውጪ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። እጇን እየታጠበች ነበር፤ ደጋግማ። ምን ሆንሽ አላልኳትም። ራሷ ናት የተናገረችው። «ቲቸር፣ ከኋላዬ ሰው ሲመጣ አልወድም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጫማዋን አምጥቼ ሰጠኋት። ተመልሼ ስገባ ፎቶ እየተነሣ ነበር። የተጨፈኑ ዓይኖች፣ ሐምራዊ ምንጣፍ፣ ከበላያቸው ባነሩ። ፎቶው በኋላ ጥሩ ወረቀት ላይ ታትሞ ሲዞር አይቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ከተቃዋሚው ጸሐፊ ጋር በአንድ ወገን እቆም ነበር። እንዳልተወው ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነርስ ናት። የሆነውን በስልክ ስነግራት «አጎቴ፣ እሱ እኮ ለእነዚህ ልጆች አይደለም፤ ለእነሱ የሚሆነው ሌላ ነው» አለችኝና ወረቀት እየተረጎመች በድምፅ ትልክልኝ ጀመር። ቦስተን አካባቢ ቤሰል ቫን ደር ኮልክ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚመሩት ማዕከል ነበር። እዚያ ዴቪድ ኤመርሰን የተባለ የዮጋ መምህር ከሐኪሞቹ ጋር ሆኖ፣ ትራውማ (ከባድ ድንጋጤ አእምሮ ላይ ጥሎት የሚሄድ ቁስል) ላለበት ሰው የሚስማማ አሠራር አበጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 64 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ ቀደም ብለው ሕክምና ሞክረው ያልተሻላቸው ናቸው። ግማሾቹ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአሥር ሳምንት ይህን ዮጋ ሠሩ፤ ሌሎቹ ለተመሳሳይ ጊዜ የጤና ትምህርት ተማሩ። በመጨረሻ ዮጋ ከሠሩት 52 በመቶዎቹ፣ ትምህርቱን ከወሰዱት ደግሞ 21 በመቶዎቹ የትራውማው ሕመም አለባቸው ለመባል የሚያበቃው ምልክት አልተገኘባቸውም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሴቶቹም አዋቂዎች ናቸው፤ የእኔ ልጆች 15 እና 16 ዓመታቸው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ይዤ አልፎክርም። እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው፤ እኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካደረግነው አንድ በአንድ ተቃራኒ ነበር። በሩ ክፍት ይሁን። መብራት ይብራ። ማንም ማንንም አይንካ። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይሁን። አስተማሪው አንድ ቦታ ይቁም፣ ከኋላ አይምጣ። ደግሞም ዋናው፣ አይዘዝ።

አይዘዝ የምትለዋ ላይ ተቸገርኩ። የስፖርት መምህርነት ማለት ትእዛዝ ነው። ተሰለፍ! ቀኝ ዙር! እጅ ወደ ላይ! እጅ ወደ ላይ የምትለውን ልጆቹ ከእኔ ሌላ ከማን አፍ እንደሰሟት ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። 27 ዓመት የአፌ ማሟሻ አድርጌያት ኖሬያለሁ። አሁን ዐረፍተ ነገሬ ረዝሟል። «እስኪ ትከሻችንን እናዙር፤ ያልፈለገ ባለበት ይሁን፤ አንዱን ብቻ ላዙር ያለም ያዙር፤ ሲበቃችሁ ተዉት።» የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ደፋር «ቲቸር፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ። ልክ ነበር፤ ከእኔ አፍ ምርጫ ሰምተው አያውቁም። «እስኪ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ሥራ እንደምትሠራ ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ትለምናለች እንጂ አትገፋም።

ምንጣፎቹን ድርጅቱ ይዟቸው ሄዷል፤ አላዘንኩም። ሰሌን አለን፣ ከቤት የመጣ ጅባ አለን፣ ወንበር አለን። የሚበዛውን የምንሠራው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው፤ ደሴ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ወለል ላይ ተኙ ብል የሚሰማኝም የለ። ፊታችን ወደ በሩ ነው። ጫማ የፈለገ ያወልቃል። የሬሳውን ነገር ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። ተዋጊ የሚባል አቋምም አለ፤ አቋሙን ወስደን ስሙን ጣልነው፣ ልጆቹ «በረኛው» ይሉታል፤ ፍጹም ቅጣት ምት የሚጠብቅ በረኛ ይመስላል።

ትንፋሹን ያስተማርኩት በማውቀው ነው። የልብ ምት መቁጠር የእኛ ሙያ ሀሁ ነው፤ ጣት የእጅ አንጓ ላይ፣ ዓይን ሰዓት ላይ። ሰው አየር ሲስብ ልቡ በመጠኑ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ ማስወጣቱ ከመሳቡ ሲረዝም ሰውነት ረገብ ይላል። ለዓመታት ልጆችን አሩጬ ምታቸው ስንት እንደደረሰ ሳስቆጥር ኖሬ፣ ተቀምጠው እንዲያወርዱት ማስቆጠር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ ንፉ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ያንን ከክፍል ውጪ ይሠሩታል፤ በፈተና ቀን አንዱ ወረቀቱን ሳይገልጥ ሲነፋ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። በረመዳንና በሁዳዴ ግን ትንፋሹን እናሳጥራለን፤ ጾመኛ ልጅ ያዞረዋል።

ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ መጣች። ሦስት ሳምንት በሩ አጠገብ፣ ሻርፗን ጨብጣ፣ ስታይ ብቻ ተቀመጠች። በአራተኛው ሐሙስ የቀኝ እግሯን ተረከዝ ከመሬት አነሳች፤ ሌሎቹ ሳይጨርሱ መለሰችው። አላሞገስኳትም። ማሞገስም ማዘዝ ይመስላል አንዳንዴ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ታቋርጣለች፤ ስታቋርጥ ግን ዙሪያዋን አይታ ይቅርታ አትጠይቅም። ሌሊት እንደምትተኛ አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።

አሁን ወደ ተቃዋሚው ጸሐፊ ልመለስ። ስጋትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስም እ.ኤ.አ. በ2020 ዮጋ ከክርስትና እምነት ጋር አይሄድም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። የስቅለት ዕለት ስሰግድ ውዬ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅተኝ ያ ስፖርት አይደለም፤ ስግደትን ከምንም እንቅስቃሴ ጋር ማነጻጸር አልወድም። ስለዚህ ወላጆችን ሰብስበን ምንም አልደበቅንም። ነገሩ መነሻው ሕንድ ነው፣ ሃይማኖታዊ ሥር አለው፤ እኛ የወሰድነው እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ነው፤ ዜማ የለም፣ የሰላምታ ቃል የለም፣ ሥዕል የለም አልን። በመዝገብ የምንይዘውም «የትንፋሽ ሰዓት» ብለን ነው። ስድስት ቤተሰብ፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ አልፈቀደም። ልጆቻቸው በዚያ ሰዓት ቮሊቦል ይጫወታሉ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። አንዲት እናት ስለ ሃይማኖቱ አንዳች ሳትጠይቅ «ሌሊት ያስተኛታል ወይ?» ብቻ አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ፈቀዱ።

ለመጀመሪያው ጸሐፊ ደግሞ፤ እባክዎ መድኃኒት አይበሉት። ከእኛ ልጆች ሁለቱ ራሳቸውን የመጉዳት ነገር ጀምረው ነበር። እነሱን ትከሻ አዙሩ እያልኩ አላስቀመጥኳቸውም፤ ከቤተሰብ ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ ወስደናቸዋል፣ አንዷ እስከ አሁን ክትትል ላይ ናት። ዮጋ የሐኪም ወረፋ ማሳጠሪያ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። ልጅ ከሚያስፈራው ነገር ሳይወጣ ተረጋጋ ማለትም አይቻልም፤ እኛ አካባቢ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ጨርሶ ርቆን አያውቅም። ተኩስ በተሰማበት ሳምንት የትንፋሹን ሰዓት ትተን ካርታ ተጫውተናል።

ሥልጠና ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት የዚያውኑ ሰፈር ወጣቶች መምህር አድርጎ እንደሚያሠለጥን የእህቴ ልጅ ነግራኛለች፤ ከውጪ መጥቶ ከሚመለስ አሠልጣኝ ይልቅ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ሰው ይሁን ለማለት ነው። የሦስት ቀኑን ወደ ሦስት ወር ቀይሩት፤ አበላችን ቢቀንስም እንችለዋለን። ካሜራውንም ሆቴሉ ተዉት። አሁን እኛ ክፍል ውስጥ ስልክ አይወጣም፤ የእኔንም ጨምሮ።

ፊሽካዋ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ናት። ለእግር ኳስ ግጥሚያ አወጣታለሁ፤ ያውም ከመንፋቴ በፊት «ልነፋ ነው» እያልኩ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

የተቃውሞውን ደብዳቤ የጻፉት አንባቢ ደሴ ብቅ ካሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ። በሩ አጠገብ ወንበር አለ። ጫማዎን ማውለቅ አይጠበቅብዎትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስፖርት መምህር፣ ከደሴ