ቢሮአችሁ ኮምፒውተሮቹን ከማስወገዱ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 2018

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እማማ እንዴት ናቸው፣ ወገባቸውን ተሻላቸው ወይ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ያው የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ታውቀዋለህ፣ ውርጩ አናት ይበሳል፣ ፀሐይ እስክትወጣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ነው። ካወራን ወዲህ ስንት ነገር አለፈ መሰለህ፣ ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ የነበረ ጊዜማ ሰው ከሰው ተቆራረጠ፣ እሱን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። አሁን የምጽፍልህ ቅዳሜ ገበያ እህትህን አግኝቻት አንድ ነገር ስለነገረችኝ ነው። ቢሮአችሁ ያሉትን ኮምፒውተሮች ጊዜያቸው አልፏል ብሎ ሊያስወግድ ነው አለችኝ፣ አንተም ኮሚቴው ውስጥ እንዳለህ ነገረችኝ። እውነት ከሆነ እባክህ ይኼን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም።

የዊንዶውስ 10 ጉዳይ መሆኑ ገብቶኛል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማይክሮሶፍት ድጋፉን አቁሟል፣ ዜናው ልክ ነው። ግን ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የደረሰው፣ ኮምፒውተር የምጠግንበት ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ኮምፒውተሬ ሊዘጋ ነው አሉ" እያለ ነው፣ አንዷ ሠራተኛማ ፋይሏ ሁሉ የሚጠፋ መስሏት ተንቀጥቅጣ ነው የመጣችው። የሚዘጋ ነገር የለም። የቆመው የደህንነት ማሻሻያው ነው፣ ማለትም ከዚህ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንልህ የለም። ቀላል ነገር ነው እያልኩህ አይደለም፣ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ማሽን ላይ እንደዛ ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ግን ለግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚያራዝም አማራጭ አለ፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ ሴቲንግህን ባክአፕ አድርገህ በነፃ ወይ 30 ዶላር ከፍለህ። ለድርጅት ግን ለአንድ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ ከዛ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፣ እሱን እንኳን አልመክራችሁም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 ልለፍ ብትል ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ካልሆነ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ከሌለው፣ አይቻልም ነው የሚልህ። 8ኛ ጀነሬሽን እኮ ገበያ የወጣው በፈረንጅ 2017 ነው! ከዛ በፊት ያለው ሁሉ፣ ስክሪኑ ጥርት ያለ፣ ኪቦርዱ ያልተነቀለ፣ ወርድና ኤክሴል ላይ ምንም የማያንቀው ማሽን በአንድ ጊዜ ወረቀት ላይ አሮጌ ሆነ። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2023 መጨረሻ ወደ 240 ሚሊዮን ኮምፒውተር በዚህ ምክንያት ወደ ቆሻሻ ሊሄድ ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር፣ ቁጥሩን ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። ቲፒኤሙ አይጠቅምም አልልም፣ ዲስክህን ስትቆልፍ ቁልፉን የሚይዝልህ እሱ ነው፣ ላፕቶፕህ ቢሰረቅ ሌባው ፋይልህን አያየውም። ግን ቀንዱ ስለተሰበረ በሬ ማረስ ያቅተዋል እንዴ? ይቅርብኝ ለሚል ሰው ምርጫውን መተው ነበረባቸው።

አዲስ መግዛት ደግሞ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ሄደ፣ ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። በዛ ላይ አሁን የራሙ፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ መረጃውን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ጣጣ መጣ። አብዛኛውን የዓለም ራም የሚሠሩት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፣ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን፣ እነሱም ትርፉ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ዳታ ሴንተሮች ጋ ስለሆነ ፋብሪካቸውን ለሰርቨር ወደሚሆነው ሜሞሪ እያዞሩት ነው። ማይክሮንማ ባለፈው ህዳር ክሩሻል በሚለው ብራንዱ ለተራው ሰው መሸጥ ጭራሽ አቆማለሁ ብሎ አረፈው። ዶርም እያለን ላፕቶፕህ ላይ የጨመርነው ራም እኮ ክሩሻል ነበር! እና አሁን ዋጋው ሽቅብ እየሄደ ባለበት ሰዓት የሚሠራ ራም ያለበትን ማሽን ማስወገድ ለኔ በፍጹም አይገባኝም።

አንድ ነገር ላጫውትህ። በቀደም አንድ አስተማሪ ከመሐል ሜዳ ላፕቶፑን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1፣ ኮር አይ 5 4ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ። ሌላ ቦታ አሳይቶት "ይኼማ አብቅቶለታል" ብለውታል። አበራነው፣ ሻይ አስመጣሁለት፣ ሻዩን ጠጥቶ ጨርሶ እንኳን ዴስክቶፑ አልተረጋጋም። ታስክ ማናጀር ከፍቼ ሳየው ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ቆሟል፣ ፕሮሰሰሩ ግን 10 እንኳን አልሞላም። ማሽኑ አልደከመማ፣ ዲስኩን ቆሞ እየጠበቀ ነው። የጂ1 ጥሩነቱ ደግሞ የስሩ ክዳን ያለ ካቻቢቴ ነው የሚከፈተው፣ ማንሸራተቻዋን ገፋ ብቻ ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣኑን ዲስክ፣ ከተትኩለት፣ ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣሁትን 4 ጂቢ ዲዲአር3 ራም ጨመርኩ፣ ፋኑ ውስጥ ተጋግሮ የነበረውን አቧራ በብሩሽ ጠረግኩ፣ ደርቆ የነበረውን ቴርማል ፔስት ቀየርኩና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩለት፣ ቀለል ያለውን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ተነስቶ ፋየርፎክስ እስኪከፈት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሰውዬው ዝም ብሎ ስክሪኑን እያየ "ያው የኔው ነው?" አለኝ፣ ደስታው ደስታዬ ሆነ። ሚንት 22 በፈረንጅ እስከ 2029 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ይመጣለታል፣ በነፃ፣ አካውንት ክፈት የሚልህ የለም። ዊንዶውስ 11 ሆም ገና ሲጫን ኢንተርኔትና አካውንት ይጠይቃል፣ ኢንተርኔት ለወራት አጥተን የከረምን ሰዎች ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል፣ ሚንትን ግን ፍላሽ ላይ ይዘህ የፈለግክበት ገጠር ሄደህ ትጭናለህ፣ የወርድና የኤክሴል ምትክ የሆነው ሊብሬኦፊሱም ምኑም አብሮ አለ።

ስለ ሃርድ ዲስኩ ካነሳሁ አይቀር፣ ይኼን የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በአየር ተንሳፍፋ ነው የምትሄደው፣ ርቀቱ በናኖሜትር ነው የሚለካው፣ ፀጉር እንኳን አያሳልፍም። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጫፏ ወደ ሳህኑ ዝቅ ትላለች። አብዛኞቹ አምራቾች እስከ 3048 ሜትር ከፍታ ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ስለሆንን ለጥቂት ተርፈናል፣ ጣርማበር ላይ ግን 3000ን አልፈሃል፣ ወደ ጓሳ ስትወጣማ 3200 እያልክ ነው። የመንዝ ሃርድ ዲስክ ሁሉ በዚህ ይሞታል አልልህም፣ ብዙው የሚሞተው በመውደቅና በመብራት መቆራረጥ ነው፣ ግን ምርጫ ካለ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገርም የሚንሳፈፍ ነገርም የለም፣ ለኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ሌላው ደግሞ በጠዋት ከዚህ ብርድ ላፕቶፕ ይዞ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የሚወርድ ሰው ደርሶ ወዲያው ባይከፍተው ጥሩ ነው፣ የቀዘቀዘው ብረት ላይ እርጥበት ይቋጥራል፣ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትንሽ ይሙቅ።

ፍላሽ ቫይረሱን ደግሞ አልረሳኸውም አይደል፣ አሁንም አለ። ተማሪ ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቶ ይመጣና ሲከፍተው የመመረቂያ ጽሑፉ የለም፣ ሾርትከት ብቻ፣ ሾርትከቱን ሲነካው ቫይረሱ እሱ ማሽን ላይም ይጋባል። ፋይሉ እኮ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ። ሚንት ላይ ሲሰካ ያ ሾርትከት ምንም ማድረግ አይችልም፣ የተደበቀውም ፎልደር ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ገልብጠህ ፍላሹን ፎርማት ታደርገዋለህ፣ አለቀ። ለዚህ ብቻ እንኳን እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አንድ ሊኑክስ ያለው ማሽን ቢኖረው ስንቱን ልጅ ከልቅሶ ያድን ነበር።

ሁሉም ነገር ይሠራል እያልኩ አላታልልህም። የሂሳብ ሰዎቻችሁ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ናቸው፣ እሱ ያለ ዊንዶውስ አይሆንም፣ ኤስፒኤስኤስና አውቶካድ የሚሉትንም እንዲሁ እንዳሉ ተዋቸው። በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ደግሞ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የጋራ የፊደል ኮድ ስላልሆኑ ፎንቱ ከሌለ የማይነበብ ትርምስምስ ሆነው ነው የሚከፈቱት፣ እነሱን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው መፍትሔው፣ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከፈረንጅ 1999 ጀምሮ ስንት ዘመን ሆነው እኮ፣ አሁንም በድሮው የሚጽፍ ቢሮ ሳይ ያሳዝነኛል፣ ነገ ልጆቻችን ሊያነቡት አይችሉም። ፕሪንተርም አንዳንዱ ያስቸግራል፣ ኤችፒ ብዙም አያስቸግርም። ስለዚህ አዲስ መግዛት ያለበትን ለይታችሁ ግዙ፣ ደብዳቤና ኤክሴል ብቻ ለሚሠራው ግን ያለውን አስተካክሉለት።

ደግሞ ሻጮቹ ኤአይ ፒሲ እያሉ እንዳያስገዟችሁ። ማይክሮሶፍት ኮፓይሎት ፕላስ የሚላቸው ማሽኖች ቢያንስ 16 ጂቢ ራምና በሴኮንድ 40 ትሪሊዮን ኦፕሬሽን የሚሠራ ለብቻው የሆነ ቺፕ ይፈልጋሉ። ማመልከቻ ለሚጽፍ ቢሮ ይኼ ምን ያደርግለታል? ሰው አሁን ኤአይ የሚጠይቀው በስልኩ ብሮውዘር ላይ ነው፣ ሥራው የሚሠራው ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው፣ እሱን የኔ 4ኛ ጀነሬሽንም ይከፍተዋል። ኤአይን እኔ አልጠላም፣ ልጆቹ ኮድ ሲጽፉ ሲረዳቸው አያለሁ፣ ግን ለሱ ሲባል ማሽን መቀየር አያስፈልግም።

አሁን ዋናው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኦንላይንም መሰጠት እንደጀመረ ታውቃለህ። እዚህ ከገጠር የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ማውዝ ነክተው የማያውቁ፣ ፊዚክሱን ጥርት አድርገው የሚያውቁ፣ ስክሪን ፊት ሲቀመጡ ግን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ። አንዷን አይቻታለሁ፣ የማውዙን ቀስት ስታጣው ማውዙን አንስታ ከስር አየችው፣ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ ናት። ይኼ ለፈተናው ቀን መተው የለበትም። ከሱቁ ጎን ያለችውን ክፍል ለዚህ ላደርጋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ መጥተው በነፃ የሚለማመዱባት፣ ጠረጴዛውን አንድ አናጢ ጓደኛችን ይሠራልኛል፣ መብራቱም አለ። የጎደለው ማሽን ነው።

ስለዚህ ቢሮአችሁ የሚያስወግደውን ዝም ብሎ መጋዘን ከሚቆልለው ወይም በኪሎ ለቁራሌው ከሚሸጠው በደብዳቤ ለትምህርት ቤት በስጦታ እንዲያስተላልፈው ኮሚቴው ላይ አንሳልኝ። ትምህርት ቤቱ የጥያቄ ደብዳቤ በማኅተም ይጽፍላችኋል፣ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬዋለሁ፣ ንብረትነቱ የትምህርት ቤቱ ይሆናል፣ ጥገናው የኔ። የሞቱትንም አትለዩ፣ ከሦስት የሞቱ አንድ የሚሠራ ይወጣል፣ ራሙ፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ ሁሉ ይጠቅማል። ሃርድ ዲስኮቹን ግን የቢሮ መረጃ ስላለባቸው እናንተው አውጥታችሁ አስቀሩ፣ ፎርማት ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ፎርማት የተደረገ ፋይል ሊመለስ ይችላል፣ እኔ ኤስኤስዲ እፈልግላቸዋለሁ።

ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ላይ ፓስወርድ ካላቸው ከመላክህ በፊት ፓስወርዱን አስጠፋው፣ አለበለዚያ ኤሊትቡክ ላይ ብዙ ያለፋኛል። ከላምበረት የሚነሳው መኪና ላይ ጫንና ደውልልኝ፣ ጠባሴ ወርጄ እቀበላለሁ። ቻርጀሮቹን ከየላፕቶፑ ጋር አስረህ ላክ፣ እዚህ ቻርጀር ከላፕቶፑ በላይ ነው የሚያስቸግረው። እማማን ሳምልኝ፣ መልስህን ቶሎ እጠብቃለሁ።

ወንድምህ