ለማላውቃችሁ ቤተሰብ

ስማችሁን አልነገሩኝም፤ ደንቡም አይፈቅድም። እኔ የማውቀው፣ ሰው ሞቶባችሁ፣ እንባችሁ ሳይደርቅ፣ የዓይን ብሌኑ እንዲወሰድ መፍቀዳችሁን ብቻ ነው። ብሌን ከሞት በኋላ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መነሳት አለባት። ዘመድ ገና መርዶ እየሰማ፣ ድንኳን እየተተከለ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት፣ የሟች ፊት ይበላሻል ብላችሁ ሳትፈሩ፣ ለማታውቋት ሴት አሰባችሁ። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ልቤ ይችል እንደነበር እንጃ።

ማንን እንደረዳችሁ ልንገራችሁ። አስተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አለርጂ ስላለብኝ ዓይኔን ሳሽ ነው ያደግኩት፤ ማሸት ብሌንን እንደሚጎዳ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ብሌን ከዓይን ፊት ያለች ግልጽ ሽፋን ናት፤ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃንን ሰብስባ ከኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ላይ በማሳረፍ ትልቁን ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ናት። የእኔዋ እየሳሳች ሄዳ ወደ ፊት ሾለች፤ ኬራቶኮነስ ይሉታል። አንድ መነጽር ቤት ለ3 ዓመት መነጽር እየቀያየረ ሲሸጥልኝ አንድ ቀን እንኳ "ሐኪም ይይሽ" አላለኝም። ዛሬም ያንገበግበኛል። በመጨረሻ ብሌኔ ጠባሳ ያዘች። ሰሌዳ ላይ ራሴ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ፤ ታክሲ የምይዘው የረዳቱን ጩኸት ሰምቼ ሆነ።

ከዚያ እናንተ ደረሳችሁልኝ። ብሌን የደም ሥር ስለሌላት ለመተካት የሥጋ ዝምድና አትጠይቅም። ሐኪሜ ከፀጉር በቀጠነ ክር ዙሪያዋን ሰፋልኝ። እጁ ይባረክ! ዓይኔ እስኪያገግም ጠብታውን በሰዓቱ ያስታወሱኝን ነርሶች፣ በየማታው የተማሪዎቼን ደብተር ጮክ ብላ ያነበበችልኝን እህቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማየቱ ቀስ እያለ ነው የመጣው። በአምስተኛው ወር ምስር ስለቅም አንዲት ጠጠር አየሁ፤ በጣቴ ሳልዳስስ፣ በዓይኔ። ሰፌዱን አስቀምጬ አለቀስኩ።

የሟቹን፣ ወይም የሟቿን፣ ሙት ዓመት አላውቅም። እኔ የማውቀው ቀዶ ጥገና የተደረገልኝን ቀን፣ ኅዳር 4ን ነው። በየዓመቱ በዚያ ቀን ጧፍ አበራለሁ። ስሙን ስለማላውቅ "ዓይኔ" እያልኩ ነው የምጠራው።