ለአባዬ፣ ስለ ወይራዋ ቀስት

አባዬ እንዴት ነህልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልለቀቀንም ግን ጠዋት ጠዋት ፀሀይ ትወጣለች፣ ጓሮ ያለው ቡናም መቅላት ጀምሯል። እቴቴ መድሀኒትህን በሰአቱ እየወሰደ ነው ብላኝ በጣም ደስ ብሎኛል።

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ቆጥ ላይ ያስቀመጥካትን የወይራ እንጨት፣ ያቺ እንዳትሰነጠቅ ብለህ ጫፍና ጫፏን ቀለም የቀባሃትን፣ ሳልጠይቅህ አወረድኳት። «የሚገባትን ስራ እስካገኝላት እንዳትነኳት» ያልከንን አልረሳሁም። ግን ልጅ እያለሁ አዌቱ ወንዝ ዳር ከሸንበቆ ቀስት ሰርተህልኝ በሶስተኛው ቀን ሲሰበር ሳለቅስ «አትዘን፣ ስታድግ ከወይራ እንሰራለን» ብለኸኝ ነበር፣ ከዛ የበርጩማ ትእዛዝ በላይ በላይ ሲመጣብህ በዛው ቀረ። እኔ መቼም የሚገባት ስራ እሱ ነው ብዬ ነው ያወረድኳት።

እንጨቷ እንዴት ደርቃ እንደቆየችኝ ብታይ! 1 ሜትር ከ70 አርጌ ቆረጥኳት፣ ሞርሳው ላይ አስሬ መጀመሪያ በመላጊያ ከዛ በሞረድ፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል እስኪታጠፉ ድረስ ከሆዷ፣ ወደ ተኳሹ ከሚዞረው ጎን፣ ትንሽ ትንሽ እየፋቅኩ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጀርባዋን አልነካሁትም፣ እዛ ጋ የእንጨቱ መስመር ከተቆረጠ ስትሳብ የምትሰበረው በዛ በኩል ነው። ስትፋቅ የወይራው ሽታ ቤቱን ሲሞላው እማዬ አጭሳ የምታጥነው እንስራ ትዝ አለኝ።

ዘይቱ ጋ ስደርስ ነው የተሳሳትኩት። አንተ በርጩማ ስትቀባ ሁሌ «ቀብተህ ጥረገው፣ እንጨቱ የጠጣው ይበቃዋል» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ነሀሴ ስለሆነ፣ እርጥበት እንዳይገባባት ብዬ፣ ያንን ቀለም ሱቅ የሚሸጠውን የተፈላ የተልባ ዘይት ወፍራም አርጌ ለቀለቅኳትና ሳልጠርግ ሰቅያት ተኛሁ። በሶስተኛው ቀን ስነካት አውራ ጣቴ ታትሞ ቀረ፣ አቧራ ሰጋቱራ ምናምን ሁሉ ተለጥፎባታል፣ እንደ ሙጫ። ለካ የተልባ ዘይት እንደ ውሀ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፣ አየር እየሳበ ነው የሚጠጥረው፣ ወፍራም ሲሆን ላዩ ቆዳ ያበጅና ስሩ ሳይደርቅ ይቀራል፣ በዛ ላይ ብርዱና እርጥበቱ ያዘገየዋል፣ ወይራ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ አይጠጣም። አንተ ይሄን ሁሉ በአንድ «ጥረገው» ነበር የምትነግረኝ።

በአኳራጃ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጥቤ ሁሉንም አነሳሁት። ከዛ በእርጥብ ጨርቅ አበስ አረኳትና ስትደርቅ የቆመውን ቃጫ በ240 ከዛ በ320 ብርጭቆ ወረቀት እየደጋገምኩ አለሰለስኩት። መስከረም ፀሀይ ሲወጣ እንደገና ጀመርኩ፣ የመጀመሪያውን እጅ ዘይቱን ከአኳራጃ ጋር እኩል በእኩል አቅጥኜ ቀባሁ፣ ሩብ ሰአት ያህል ጠበቅኩና ባንተ አሮጌ ካናቴራ ጨርቁ መያዝ ትቶ እስኪንሸራተት ድረስ ጠረግኩ። ጫፎቿ ጋ አባዬ፣ እንጨቱ አግድም የተቆረጠበት ቦታ፣ ዘይቱን ጠብ ባረግኩ ቁጥር እያየሁት ጥልቅ ይልና ቦታው መልሶ ይደበዝዛል፣ አራት አምስት ጊዜ ነው የጠጣው። ወገቧ ግን በአንዴ ጠገበ፣ ቡኒውና ጥቁሩ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ብቻዬን ቆሜ ሳያት ነው ያመሸሁት።

አንድ ሰው ቨርኒሽ ብትረጫት ይሻልሃል ብሎኝ ነበር፣ እርጥበትን ቨርኒሽ የበለጠ እንደሚከላከል እኔም አውቃለሁ፣ ግን ቀስት ሁሌ የምትታጠፍ ነገር ናት፣ ወፍራም ቨርኒሽ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ግን አብሮ ይታጠፋል፣ ሲደክምም ደግሞ መቀባት ነው። ላይዋን የምቀባው ሰም ከሂርማታ ገበያ ገዝቻለሁ።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልንገርህ። ሁለተኛውን እጅ የቀባሁ ቀን ጨርቁን ጨብጬ ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ የሆነ ሽታ ሸተተኝ፣ እጄን ሰደድ ሳደርግ ጨርቁ ከዶሮ ስር እንደወጣ እንቁላል ይሞቃል! ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እየጨመረ ሄዶ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት እሳት ያስነሳል። ያ ሁሉ ሰጋቱራ ባለበት ቤት! ወዲያው ውሀ ውስጥ ነከርኩት። አንተ የዘይት ጨርቅ ሁሌ አጥሩ ላይ ዘርግተህ ስታሰጣ፣ እማዬም አጥሬን አቆሸሽከው እያለች ስትቆጣህ፣ እኔ ለቁጠባ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤታችንን ከቃጠሎ እየጠበቅክ ነበር። ያን ቀን አጥሩ ስር ተቀምጬ ስላንተ ብዙ አሰብኩ።

አሁን ሶስት እጅ ተቀብታለች፣ አንድ ቀርታለች። ባለፈው በስልክ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ከእንግዲህ ለስራ አልሆንም» ስትለኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኩህ፣ መልሴን አሁን ልስጥህ። የመጨረሻዋ እጅ ብሩሽ አትፈልግም፣ ጥቂት ጠብታ መዳፍ ላይ አርጎ እንጨቱ ሞቅ እስኪል ቀስ ብሎ ማሸት ነው፣ የጠነከረ እጅ ሳይሆን የማይቸኩል እጅ ነው የምትፈልገው። ጅሬን አባ ጅፋር ቤተመንግስት ይዘኸኝ የወጣህ ቀን የበረንዳውን እንጨት እየዳበስክ «ይሄን እንዲህ ያለሰለሰው የሰው መዳፍ ነው» ያልከኝን አልረሳሁም። ስለዚህ እሷን አልቀባም፣ ላንተ ትቻታለሁ። የቀረውን ዘይት አየር እንዳያገኘው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እስካፉ ሞልቼ ከድኜዋለሁ።

ጅማቷንም አልገጠምኩም፣ አንተ ከቀባሃት በኋላም ጥቂት ሳምንት ተኝታ መክረም አለባት፣ እስከዛ እዚሁ ትቆያለህ ማለት ነው። ከእቴቴ ጋር ተነጋግረናል፣ ቅዳሜ በጠዋት ታሳፍርሃለች። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጋቢህን ያዝ፣ መስኮት ጋ አትቀመጥ፣ መድሀኒትህን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስህ አርገው። መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ።

ሌላኛውን ካናቴራህን አጥቤ ቀድጄዋለሁ፣ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

ልጅህ