የአንጎል ጉዳት ካሳ ሲሰላ የሚዘነጋው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአደጋ አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች የሚከፈለው ካሳ ብዙ ጊዜ በሕክምና ደረሰኝና በቀረ ደመወዝ ብቻ መሰላቱ ያሳስበኛል። የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል፤ የአንጎል የፊት ክፍል የተጎዳ ሰው ግን እየተራመደና እየተናገረም ቢሆን የማቀድ፣ ቁጣውን የመግታትና የጀመረውን የመፈጸም ችሎታውን ሊያጣ ይችላል፤ የሲቲ ስካን ምርመራ ይህን ሁልጊዜ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው የተዘጋጀው፣ ከ3 እስከ 15 ነጥብ የሚሰጠው የንቃተ ኅሊና መለኪያም ቢሆን የሚናገረው ስለ ምርመራው ሰዓት እንጂ ከዓመታት በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ አይደለም። የሚጥል በሽታ እንኳ ከጉዳቱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ ገና ከድንጋጤው ሳይወጣ፣ በችግር ተገፍቶ «ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለንም» የሚል ስምምነት እንዲፈርም ማግባባት ተገቢ አይመስለኝም።

የቤት ውስጥ እንክብካቤም በገንዘብ ሊተመን ይገባዋል፤ አስታማሚዋ እናት ወይም ሚስት መሆኗ ድካሟን ዋጋ አልባ አያደርገውም። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ፍርድ ቤቶች በየጊዜው የሚከፈልና እንደ ሁኔታው የሚሻሻል ካሳን ቢያስቡበት፣ ተጎጂው ገንዘቡን ማስተዳደር ካልቻለም ተቆጣጣሪ ያለበት ሞግዚት ቢሾሙለት መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ