ለአምስቱ የክረምት ምሽቶች የምስጋና መልእክት

ውድ የጅማ ወዳጆቻችን፣

ክረምት ሲገባ የእግር ጉዞ ክበባችን ሥራ ይፈታል። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ጅረን ጋራ መውጣት እንኳ ፈተና ነው። ዘንድሮ ግን እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ የሄዱትን፣ ያዩትን ሰዎች ጠርተን ለምን አናስወራቸውም አልን። አምስት ዓርብ፣ አምስት እንግዳ። ይኸው አለቀ። ያለ እናንተ ግን ከመጀመሪያው ዓርብም ባላለፍን ነበር።

አዳራሽ ቃል የገባልን አንድ መሥሪያ ቤት፣ በዕለቱ ከሰዓት በኋላ «ቁልፍ የያዘው ሰው የለም» አለን። ሰው ተጠርቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ሻይ ቤታቸውን የከፈቱልን እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ወንበሩ አልበቃ ሲል የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው አስቀመጡን። አምስቱንም ሳምንት የኪራይ ሳንቲም አልተቀበሉም። የቡናውን ግን አንድም ሲኒ ሳይረሱ አስከፍለውናል፤ ደግ አደረጉ።

ስለ ራስ ዳሽን ያወራልን ወንድማችን ጫፉን አልረገጠም። በሰሜን ተራሮች ካምፖች ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ድረስ ደህና ሄዶ፣ ቧሂት ተራራ ላይ ራሱን ይፈልጠውና ያስመልሰው ጀመር። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ የጅማ ልጅ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ሰውነቱ እስኪለምድ ቀናት ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ቸኩሏል። አብሮት የነበረው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ክርክር ሳያበዛ ወደ ታች መለሰው። ሰው የደረሰበትን ነው የሚያወራው። የተመለሰበትን ስላወራኸን እናመሰግናለን።

መምህራችን ስለ ቦዬ ረግረግ ሲያስረዱ፣ ከከተማችን ጥግ ጉማሬ መኖሩን ያን ምሽት የሰማ የጅማ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ጸሐፊው ራሱ ሊሆን ይችላል። አዌቱ ወንዝ ላይ የምንጥለው ፌስታል የት እንደሚያርፍም ያኔ ገባን። ጫካ ውስጥ በራሱ የሚበቅለው አረቢካ ቡና ለመጥፋት ከተጋለጡ ዕፅዋት ተርታ መመደቡን የነገረችን እህታችንም ባለውለታችን ነች። ያን ማታ ሁለተኛ ሲኒ ያዘዘ ሰው ትንሽ ነበር።

አራተኛው ዓርብ ላይ መብራት ጠፋ። ገና ሁለተኛው ፎቶ ላይ ነበርን። ከበለጠ ጌራ ጫካ በኩል የመጡት ንብ አናቢ አባታችን ሻማ እስኪመጣ አልጠበቁም። ከማዳበሪያ ከረጢታቸው አንድ ገመድ አውጥተው አጠገባቸው ላለው ሰው አቀበሉ። እያወሩ ገመዱ በጨለማ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መሃሉ በመዳፍ ብዛት ልሟል፤ ጫፉ ጢስ ጢስ ይሸታል። ቀፎ የሚሰቅሉት፣ ማር ሊቆርጡም በሌሊት የሚወጡት በሱ ነው። ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ማሩ ነጭ እንደሚሆን፣ ረጅም ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ቀፎ መስቀያ እያጡ እንደሆነ ነገሩን። በኦሮምኛ ያወሩትን እየተከታተለች ወደ አማርኛ የመለሰችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። አንቺ ጎበዝ፣ ገለቶሚ! ያን ፕሮጀክተር ለመበደር ስንት ቀን ደጅ ጠንተን ነበር፤ የተሻለው ምሽት ግን እሱ የጠፋበት ሆነ።

ባጃጆቻችን ደግሞ አሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በዝናብ ቆማችሁ ጠብቃችሁ፣ ሴቶቹን ልጆች በር ድረስ አድርሳችሁ፣ በቀን ዋጋ አስከፈላችሁን። እንዲህ ያለ ነገር ጅማ ውስጥ ሆነ ብንል ማን ያምነናል!

ፖስተር የለጠፋችሁ፣ ሲኒ ያጠባችሁ፣ ስማችሁን ያልጠራናችሁ፣ ክበሩልን።

አባባ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ገመድዎን ረስተው ሄደዋል። ሻይ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ፣ ከሬዲዮው በላይ ሰቅለነዋል። ሐሙስ ለገበያ ሲመጡ ጎራ ይበሉ። ቡናው በኛ ነው።

የክበቡ አባላት፣ ጅማ