ሐረጎን በፎሌ አትውረጂ

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአያትሽ ጉልበት በክረምቱ ብርድ ትንሽ ብሶበታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ ስጀምረው «እሺ አባ፣ ገብቶኛል» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ስለምትወስጂኝ ነው። ከእጅሽ ካለ ደግመሽ ታነቢዋለሽ።

አባዱላ የሚነዳው የጎረቤታችን ልጅ ትናንት ቡና ላይ ነገረን። ሐረጎን፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ስትወርጂ ከኋላሽ ነበር አሉ። የፍሬን መብራትሽ ከላይ እስከ ታች አልጠፋም፤ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆሞ ሲያናግርሽም የፊት ጎማዎችሽ ይሸቱ ነበር። ምነው ሲልሽ «ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ በፎሌ፣ ማርሹን ነጻ አድርጌ፣ ነው የምወርደው» አልሽው። እናትሽ ስኒውን ሳትጨርሰው አስቀመጠችው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ፦ ሐረጎን በፎሌ አትውረጂ።

ይቆጥባል ያለሽ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ወሬው የመጣው ከካርቡሬተር ዘመን፣ ከነዲኤክስ፣ ከድሮዎቹ ቶዮታዎች ጊዜ ነው። ካርቡሬተር ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ቤንዚን ይስባል፤ በማርሽ ቁልቁል ስትወርጂም ይስባል። የአንቺ ቪትዝ ግን ቤንዚን የሚረጭላት በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ኢንጀክተር ነው። ማርሽ ላይ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ኮምፒዩተሩም ይህን አይቶ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ወደ ሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳትሰጪው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ሲጠጋ ነው መልሶ የሚከፍተው። ፎሌ ስታደርጊው ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ የራሱን ቤንዚን ማቃጠል አለበት። እንግዲህ ቁጠባው በማርሽ መውረዱ ላይ ነው። ፎሌ ትርፍ የለውም፣ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ መኪናዋ በፍጥነት እየሄደች ከፎሌ ወደ ዲ፣ ወደ መንጃው ማርሽ፣ በመለስሻት ቁጥር ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ውስጥ ያሉት ሸራዎች ይመታሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማሠራት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለአንቺ አልነግርሽም።

ኪሳራው በቤንዚን ብቻ ቢሆን አልቆጣም ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ነው የምትወርጂው። መኪናዋ ከነሰዎቿ አንድ ቶን ትሆናለች በይ። ይህ ክብደት ይህን ያህል ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ከ15 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በማርሽ ከወረድሽ ብዙውን ሞተሩ ይይዝልሻል። በፎሌ ከወረድሽ ነፋስ ከወሰደው የቀረው ሁሉ የፍሬን ሸራዎቹ ላይ ያርፋል፤ ከሁሉም በላይ መዳፍሽን በማይሞሉት የፊት ሸራዎች ላይ።

ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ትረግጪዋለሽ፣ መኪናዋ ግን እንደልብሽ አትቆምም። ያን ልጅ የሸተተው የዚህ መጀመሪያ ነው። ከዚህ የሚብሰው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በላስቲክ ቱቦዎቹ በኩል እንኳ ቀስ እያለ ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ሲሆን 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሠራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ያለ ምንም ኃይል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ደህና ይሆናል። ብዙ ሰው መኪናውን ጋራዥ ወስዶ «ምንም የለውም» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

የአጎትሽን እግር ታውቂዋለሽ። ከዘራውን እያቀበልሽው ነው ያደግሽው። ቤት ውስጥ ሲወራ የሰማሽው «ያ የጭነት መኪና፣ ኤንትሬው፣ ፍሬን እምቢ ብሎት» ነው። ፍሬኑ ደህና ነበር ልጄ። እህል ጭኖ ሐረጎን ሲወርድ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ከላይ ፎሌ አደረገው። የኤንትሬ ፍሬን በንፋስ ይሠራል፤ ንፋሱን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ደግሞ በሞተሩ ይዞራል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የሚሞላው ትንሽ ነው፤ በየኩርባው ሲረግጥ ከሚገባው የሚወጣው በለጠ። የንፋሱ መርፌ ሲወርድ አይቶ ማርሽ ላስገባ ቢል ካምቢዮው በዚያ ፍጥነት አልቀበል አለ፤ ጥርሱ ብቻ ጮኸ። ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግቶ፣ ጎኑን እያፋተገ አቆመው። ረዳቱ በሰላም ወረደ። አጎትሽ እግሩ ከመሪው ሥር ተይዞ ቀረ። ሆስፒታል ስንመላለስ አንቺ ገና በእናትሽ ጀርባ ነበርሽ። ሰው ሁሉ ፍሬኑን ሲረግም እሱ ዝም ይል ነበር፤ እኛም ለክብሩ ብለን ወሬውን አላረምነውም። የአንቺን ነገር ስነግረው ግን «እውነቱን ጻፍላት፣ እኔን ብለህ አትደብቅ» አለኝ። ይኸው በሱ ፈቃድ ጻፍኩልሽ። በፎሌ አትውረጂ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ፍጥነትሽ ከ40 በታች ሳለ፣ ማርሹን ከዲ ወደ 2 አውርጂው። በጣም ቀጥ ያለው ላይ ወይም ከሲኖትራክ ኋላ ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ኤል፣ ዝቅተኛውን ማርሽ፣ አድርጊው፤ ኤል ስታስገቢ ግን ፍጥነትሽ ከ30 አይለፍ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አብሽሪ፣ አይጎዳውም፤ መኪናዋን እየያዘልሽ ነው። ኩርባ ላይ ሳትደርሺ ቀጥ ባለው መንገድ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ከ40 ወደ 25 አውርጂ፣ ከዚያ እግርሽን ጨርሰሽ አንሺ። ሸራ የሚቀዘቅዘው ስትለቂው ብቻ ነው። እግርሽን ፔዳሉ ላይ አሳርፈሽ መውረድ ከላይ እስከ ታች ሸራ መጥበስ ነው። ጉም ሲወርድ ረጅሙን መብራት አታብሪ፤ ጉሙ መልሶ ዓይንሽ ላይ ይጥለዋል። አጭሩን አብሪ፣ ከፊትሽ ካለውም ራቂ።

ከሸተተሽ አትቀጥዪ። ሰፋ ያለ ቦታ ይዘሽ ቁሚ፣ ፒ አድርጊ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቢ፤ የጋለውን የኋላ ፍሬን ታምቡር በእጅ ፍሬን አታስጨንቂው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። የመንገድ ልጆች ውሃ እናፍስበት ቢሉሽ እምቢ በዪ፤ የጋለ የፍሬን ዲስክ በአንዴ ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፣ ከዚያ በረገጥሽ ቁጥር ፔዳሉና መሪው ይንቀጠቀጡብሻል። ስትነሺ ድንጋዩን ከመንገዱ አንሺ፤ ማታ ባጃጅ የሚገለብጠው እሱ ነው።

አላህ አያምጣውና ፔዳሉ ከሰመጠ ቶሎ ቶሎ እየደጋገምሽ ርገጪ፤ አንዳንዴ ትንሽ ይመለሳል። ማርሹን ወደ 2፣ ቀጥሎ ወደ ኤል አውርጂ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን በአውራ ጣትሽ እንደተጫንሽ ቀስ በቀስ ሳቢው፤ በአንዴ ከሳብሽው የኋላው ይንሸራተታል። ሞተሩን አታጥፊ። ሞተር ሲጠፋ እርግጫሽን የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥሽ በኋላ ያልቃል፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ቁልፉን ከነቀልሽው ደግሞ መሪው ይቆለፋል። አማራጭ ከጠፋ ወደ ተራራው ጎን ተጠጊ። ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል።

አሁን መኪናዋን ፈትሺ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ሳትሄጂ። ሞተሩ እንደጠፋ ፍሬኑን አምስት ጊዜ ርገጪና ረግጠሽ እንደያዝሽ አስነሺ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልተነቃነቀ የንፋስ ቱቦው ወይም ሰርቮው ራሱ ችግር አለበት። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ረግጠሽ ያዢው። ቀስ እያለ ከሰመጠ የዋናው የፍሬን ፖምፓ ጉሚኒ፣ የላስቲክ ማሸጊያው፣ አልፏል፣ ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። የኋላ ጎማዎችን በውስጥ በኩል ጎንበስ ብለሽ እዪ፤ እርጥብ ነገር ከወረደ የታምቡሩ ትንሿ ፖምፓ ናት። የፊት ሸራ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ አንዱን ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ነው የሚቀየረው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ከወረደ ዝም ብለሽ አትሙዪ፤ ወይ ሸራ አልቋል፣ ወይ ይፈሳል። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳትጨምሪበት፤ ጉሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል።

የጎማዎቹንም ዕድሜ እግረ መንገድሽን እዪ። በጎኑ ላይ ያለው የመጨረሻው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት ነው።

ያን መኪና በራስሽ ደመወዝ ስትገዢ ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ዛሬም ነው። ቤንዚን መወደዱን፣ ሰልፉንም አውቃለሁ። ከከበደሽ ንገሪኝ፣ ከፈለግሽ በሳምንት ሁለት ቀን ታክሲ ያዢ። ቁልቁለቱ ላይ አትቆጥቢ። ሐረጎን በፎሌ አትውረጂ፣ የኔ ዓለም።

እናትሽ ጭኮ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ በጠዋት ሐይቅ ከተማ፣ እኛ ጋ ነይ፣ የፍሬን ዘይቱን ጠቅልለን እንቀይራለን፤ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነበረበት፣ ከአንቺ በፊት የነበረው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ማንም አያውቅም። ፋብሪካው ያሸገውን ዶት 4 አንድ ሊትር ገዝተሽ ነይ። የተከፈተ ጠርሙስ በርካሽ ቢሰጡሽ አትውሰጂ፣ ዶት 5 የተባለውንም አትቀበዪ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። ከማጠራቀሚያው በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምረን አየሩን እናወጣለን፤ አንቺ ትረግጫለሽ፣ እኔ እከፍታለሁ። ቁልፉና ላስቲክ ቱቦው እኔ ጋ አለ። የድሮ ልብስ ልበሺ፤ ያ ዘይት ልብስ ያበላሻል፣ የመኪና ቀለምም ይልጣል።

አባትሽ